የልጅ ልደት በልክ፦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መጫወቻ ቦታ ወይስ ፓርክ?

የልጅ ልደት ወጪ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኬኩን ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ኬኩ አይደለም፤ የሚጠራው አዋቂ ነው። 15 ልጆች ኬክ፣ ፈንዲሻና ለስላሳ ካገኙ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። 15 አዋቂ ሲጨመር ግን ነገሩ ድግስ ይሆናል። ዶሮ ወጥ ይሠራል፣ ቢራ ይገባል፣ ወንበር ይከራያል። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ቁርጥ አድርጉ፦ ልደቱ የልጁ ነው ወይስ የቤተ ዘመዱ? ሁለቱም ያምራል። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ደሞዝ ለማድረግ ሲሞከር ነው ብድር የሚመጣው።

የምጽፈው አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ነው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር በብር አላወራም። በኪሎና በሊትር ልንገራችሁ፤ የሰፈራችሁን ዋጋ አባዙበት።

ቤት

ለአብዛኛው ሰው አሁንም የሚያዋጣው ቤት ነው። ኪራይ የለም፣ ሰዓት አይቆጠርባችሁም፣ አያት ትገኛለች፣ የተረፈውም እዚያው ይበላል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሩጫውን ውጭ፣ ኬኩን ቤት ማድረግ ይቻላል። ጎረቤት ቀደም ብሎ ይነገረው እንጂ ማንም አይከፋም። የጎረቤት ልጆችም መጠራታቸው አይቀርም፤ ስትቆጥሩ አብራችሁ ቁጠሯቸው።

ቤት ሲደረግ ትልቁ ቁጠባ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በ6 ሰዓት ኑ ካላችሁ ምሳ ልታበሉ ነው። በ12 ካላችሁ እራት። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ካላችሁ ግን ሁሉም ምሳውን በልቶ ይመጣል፣ መክሰስ ይበቃል። የሚያልቅበትን ሰዓትም ጥሪው ላይ ጻፉት። ነውር የለውም። ልጁን ሊወስድ የሚመጣው ወላጅም ማወቅ ይፈልጋል።

ለ15 ልጆች 2 ኪሎ ኬክ፣ ግማሽ ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳምቡሳና ባለ 2 ሊትር ለስላሳ ሦስት ይበቃል። አንዱ ባለ 2 ሊትር 10 ትንንሽ ኩባያ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ኩባያ ይደርሰዋል። በሳጥን የሚመጣው 24 ጠርሙስ ለልጆች አይመከርም። ልጅ ሁለት ጊዜ ይጎነጭና ጠርሙሱን የሆነ ቦታ አስቀምጦ ይሮጣል። ሲመለስ የትኛው የእሱ እንደሆነ አያውቅም፤ ሌላ ይከፈትለታል። ማታ ግማሽ ግማሽ የቀረ ጠርሙስ ስትደፉ ታመሻላችሁ። ባዶ ጠርሙስ ከጠፋ ደግሞ ያስያዛችሁት ብር አይመለስም።

ሥጋ ባይኖር ይሻላል የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ከልጃችሁ ጓደኞች መሀል ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ሥጋ ያለበት ትሪ ሲዞር ከሁለት አንዱ እጁን ይሰበስባል። ልጅ በጓደኛው ልደት ላይ እጁን ሰብስቦ ማየት ይከብዳል። የምስር ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ፓስታ በቲማቲም ግን ሁሉም ይበላዋል። ረቡዕና ዓርብም ቢውል ችግር የለም።

ትምህርት ቤት

ልጁ ኬጂ ከሆነ ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው። ጓደኞቹ በሙሉ እዚያው አሉ፤ ሁሉም ነገር በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ጉድለቱ አክስትና አያት አለማየታቸው ነው። ማታ ቤት ቡና አፍልቶ ለእነሱ አንድ ዳቦ መቁረጥ ይቻላል።

አስተማሪዋን ሳታስፈቅዱ ግን ምንም ይዛችሁ እንዳትሄዱ። አንዳንድ ትምህርት ቤት አይፈቅድም። የማይስማማው ምግብ ያለ ልጅ ካለም እሷ ታውቃለች። የምትወስዱት ለክፍሉ ሁሉ መድረስ አለበት። እኔ ብሆን ካፕ ኬክ እመርጣለሁ፤ ቢላ አይፈልግም፣ ሰሃን አይፈልግም፣ “የእሱ ይበልጣል” ብሎ የሚያለቅስ አይኖርም።

አንድ ነገር አደራ። እዚያ ክፍል ውስጥ ልደቱ ተከብሮለት የማያውቅ ልጅ ሊኖር ይችላል። ዲኮርና ካሜራ ይዞ ገብቶ ስጦታ ማከፋፈል ያንን ልጅ ያስከፋዋል። ወላጁም ማታ “የእኔስ መቼ ነው?” የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል። ሻማ፣ ካፕ ኬክ፣ ዘፈን። ይበቃል።

የልጆች መጫወቻ ቦታ

ሠርቶ መመለስ የደከማችሁ ወላጆች ይህን ብትመርጡ አይፈረድባችሁም። ጽዳቱ የእናንተ አይደለም፤ ልጆቹም ይጫወቱበታል። ሂሳቡ ግን በልጅ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስድስት ወይም ስምንት የቅርብ ጓደኞች ብቻ ከሆኑ ያስኬዳል። 20 ልጅ ከሆነ ከቤቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ችግሩ “ፓኬጅ” የሚባለው ውስጥ ምን እንዳለ አለመታወቁ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ቫትን ይጨምራል? ሰርቪስ ቻርጅስ አለው? ትንሹ የልጅ ቁጥር ስንት ነው? ለ15 ተዋውላችሁ 10 ቢመጡ የ15 ነው የምትከፍሉት? ኬክ ከውጭ ማስገባት ይቻላል ወይስ ከእነሱ መግዛት ግዴታ ነው? ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ መግቢያ ይከፍላል? ሰዓት ቢያልፍስ? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ ወይም በቴሌግራም በጽሑፍ ይሁን።

ፓርክ

በበጋ ጥሩ ነው፣ በክረምት አይታሰብም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፣ ኬክም ይበላሻል። ብሔረ ጽጌ ለከተማው ሰው የቆየ ፓርክ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ይሄዳል። ተራራው ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ይበርዳል፣ ነፋሱም ሻማ አያስበራም። ጠዋት ሄዳችሁ እስከ 7 ሰዓት መጨረስ ይሻላል። የትኛውም ፓርክ ቢሆን ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመግቢያ ብሩ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የሚከብደው ሚኒባስ ኮንትራት ሲጨመር ነው።

ኬኩ

አዲስ አበባ ኬክ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። 1 ኪሎ ከ8 እስከ 10 ሰው ይደርሳል። ልዩነቱ ያለው ከላዩ ባለው ነገር ላይ ነው። ክሬም የተቀባ ሶፍት ኬክ ርካሹ ነው፤ ልጆችም ጨርሰው የሚበሉት እሱን ነው። ፎንዳንት የሚባለው፣ በስኳር ሊጥ ተሸፍኖ መኪና ወይም አሻንጉሊት የሚሠራበት፣ ለፎቶ ያምራል። ብዙ ልጅ ግን ከላይ ያለውን ልጦ ሰሃኑ ላይ ይተወዋል። የከፈላችሁት ደግሞ ለዚያ ለተላጠው ነው። ልጁ የግድ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ከፈለገ ክሬም ኬክ አዛችሁ ትንሽ መጫወቻ ከላዩ አስቀምጡ። ኬኩ ካለቀ በኋላም ይጫወትበታል።

አዋቂ መጥራት ካልቀረላችሁ ድፎ ዳቦ ጋግሩ። ከ2 ኪሎ ዱቄት የተደፋ ድፎ ለ20 ሰው ከቡና ጋር ይበቃል። ኬኩ የልጆቹ ይሁን፣ ድፎው የአዋቂዎቹ። እንዲህ ስታደርጉ የኬኩ ኪሎ በግማሽ ይቀንሳል፤ አያትም ከክሬሙ ይልቅ ድፎውን ይመርጣሉ።

ልደቱ ዓቢይ ጾም ላይ ከዋለ ወደ ቅዳሜና እሑድ መግፋት አይጠቅምም፤ በ55ቱ ቀናት ውስጥ እነሱም የጾም ናቸው። ሁለት ዓይነት ኬክ ከማዘዝ አንድ የጾም ኬክ ለሁሉም ማዘዝ ይሻላል። ወይም ፋሲካ ቅርብ ከሆነ ይለፍና አክብሩ። ልጁ ቀኑ በሁለት ሳምንት መገፋቱን አያውቅም።

ዲኮርና ፊኛ

ዲኮር ለሚሠሩ ሰዎች የሚከፈለው አንዳንዴ ከምግቡ ሁሉ ይበልጣል። ከመርካቶ አንድ ፓኬት ፊኛ፣ የእጅ መንፊያና “መልካም ልደት” የሚል ጽሑፍ ገዝታችሁ ራሳችሁ ብትሰቅሉት ጽሑፉና መንፊያው ለታናሹም ይሆናል። ፎቶውም በስልክ ይበቃል።

እዚህ ላይ ቁጠባ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው የሚያስፈልገው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል፤ ወዲያው ሰብስቡ። ያልተነፋውንም ከእጃቸው አርቁ። በጋዝ ተሞልቶ የሚንሳፈፈው ደግሞ ጋዙ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ከሻማ ይራቅ። ፈንዲሻና ቆሎም ከ4 ዓመት በታች ላሉት አይሰጥም፤ ያንቃቸዋል። ለእነሱ ሙዝና ለስለስ ያለ ዳቦ ለብቻ አስቀምጡ። ትልልቆቹ ከሳህናቸው እንዳያካፍሏቸውም አንድ አዋቂ አጠገባቸው ይቀመጥ።