የሸክላ ጡብ በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ

አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን ውስጥ ሁለት ግድግዳዎችን በሸክላ ጡብ ካስለበስን ሁለት ክረምት አልፏል። አንደኛው ሳሎኑን ከማዕድ ቤቱ የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጀርባው በቀጥታ ዝናብ የሚመታው የደረጃው ግድግዳ ነው። ጡቡም ግንበኛውም አንድ ቢሆኑም፣ ሁለቱ ዛሬ የሚገኙበት ሁኔታ ፈጽሞ አይገናኝም።

ሙሉ ጡብ አልተጠቀምንም። የተለመደው 25 በ12 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነው ድፍን ጡብ አንዱ ብቻ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ በ12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የተገነባ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 200 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ይህን ጭነት ፎቅ ላይ፣ በተለይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መሐንዲስ ሳያማክሩ መጨመር አይገባም። ስለዚህ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የተቆረጠውን መርጠን ብሎኬቱ ላይ አስለጠፍን።

በሳሎኑ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ። የተቀባው እርጥበትን አፍኖ የማያስቀር፣ የማያብለጨልጭ ውኃ መከላከያ ስለሆነ የሸክላው መልክ አልጠፋም፤ ማታ ከኮርኒሱ የሚወርደው መብራት በየመገጣጠሚያው ላይ ጥላ ሲጥል ግድግዳው ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ቀን ላይ ግን ቀዩ ቀለም ብርሃን ስለሚውጥ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነጭ ለመቀባት ተገደናል። አቧራም በየመገጣጠሚያው ስለሚቀመጥ በለስላሳ ብሩሽ አዘውትሮ መጥረግ ግድ ነው። ቡና በተፈላ ማግስት የዕጣኑ ሽታ ከግድግዳው አይጠፋም፤ ይህን እኔ ከጥቅሙ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከጉዳቱ እንቆጥረዋለን።

የደረጃው ግድግዳ ታሪክ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ሳይጋመስ፣ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ከታችኛው ረድፍ ጀምሮ ወጣበት። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ወዲያው ይጠፋል፤ ግድግዳው ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይታያል። ምክንያቱም ነገሩ ጨው ነው፦ ከውጭ የሰረገው ውኃ በሲሚንቶውና በሸክላው ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ያመጣና ራሱ ሲተን ጨውን ፊቱ ላይ ትቶ ይሄዳል። ሠራተኛው «እንዲያምር» ብሎ የቀባው አብረቅራቂ ቫርኒሽ ደግሞ መተንፈሻውን ስለዘጋው፣ ከሥሩ የተጠራቀመው ጨው ቅቡን ከነጡቡ ፊት ይልጠው ጀመር። መፍትሔው ከጡቡ ሳይሆን ከውጭ በኩል ነበር፤ የተሰነጠቀው ልስን ተጠገነ፣ ቫርኒሹ ተነሣ፣ መስከረም ካለፈ በኋላ ግድግዳው ሲደርቅ ጨው በደረቅ ብሩሽ ተጠረገ። በሁለተኛው ክረምት የታየው በጥቂት ጡቦች ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። የተላጡት ጡቦች ግን እንደተላጡ ቀርተዋል።

አብረን ያስገባነው የቀርከሃ መከለያ ብዙ አልቆየም፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ ብናኝ መታየት ሲጀምር ነቀዝ እንደገባበት አወቅን። ቀርከሃ ስታርች ስላለው በቦራክስ ካልታከመ ለነቀዝ ምቹ ነው።

ወደፊት ኮሪደሩን በዚሁ ጡብ ለማስለበስ አስበናል፤ ሁለቱም ጎኑ የቤት ውስጥ በመሆኑ ዝናብ አያገኘውም። ከምድጃው ጀርባ ግን ሴራሚክ ይሆናል፤ ሸክላ የወጥ ዘይት ከጠጣ በኋላ የሚያስለቅቀው ነገር እስካሁን አላገኘሁም።