መንጠቆ የማይዝ ሞርሳ፦ የዝንብ መሥሪያው ሣጥን ከወራት በኋላ

ከወራት በፊት የገዛሁት የማጥመጃ ዝንብ መሥሪያ ሣጥን ዋና ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሞርሳው መንጠቆ አይይዝም። መንጠቆ እንዲይዝ ብቻ የተሠራ ሞርሳ መንጠቆ ካልያዘ ምን ሊይዝ እንደመጣ ሻጩ ይንገረኝ። መቀሱ ይቆርጣል፣ የክር መያዣው ክሩን ሳይበጥስ ይለቃል፣ የመጨረሻውን ቋጠሮ የምታስረው ጠማማ ሽቦም ሥራዋን ታውቃለች። ስለ እነርሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ «ዝንብ» መሥራት ማለት በመንጠቆ ላይ ክር፣ ላባና ፀጉር ጠምጥሞ ዓሣ የሚበላውን ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ መሥራት ነው። መንጠቆውን አንዲት ትንሽ ሞርሳ በመንጋጋዋ ነክሳ ትይዘዋለች፤ ሠሪው ሁለት እጁ ነፃ ሆኖለት ይጠመጥማል። የሚፈለገው ዓሣ ትራውት ነው፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ዓሣ። እኔ ግን የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ስለሆነ ወንዜ ሳውዝ ፕላት ነው፤ በተለይም በ1905 ከተጠናቀቀው ከቺዝማን ግድብ በታች ያለው ገደላማ ሸለቆና ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዴከርስ የሚባለው ቦታ። በሸለቆው ውስጥ በትልና በመሳሰለው ማጥመድ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ሲሆን፣ የተያዘው ዓሣም ተመልሶ ይለቀቃል። ይህንን የመጨረሻውን ነገር በስልክ ለእናቴ ማስረዳት ትቻለሁ። ዓሣ ይዞ መልቀቅ ለእርሷ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከግድቡ ሥር የሚወጣው ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱም በጋ ከበረዶ ወራት እንደሌሎች ወንዞች አይዋዥቅም። እንዲህ ያለ ውኃ የሚመቻቸው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ የዚያ ወንዝ ትራውት ዓመቱን ሙሉ ለዓይን የሚያስቸግር ነገር ሲለቅም ይውላል። መንጠቆ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር እያነሰ ይሄዳል፤ ዴከርስ የሚሄድ ሰው ሣጥኑ ውስጥ የሚይዘው በአብዛኛው ከ18 እስከ 24 ያለውን ነው። ቁጥር 20 ላይ የሚሠራ ዝንብ የስንዴ ዘር ቢያህል ነው።

የእኔ «የጀማሪ ሣጥን» ይዞ የመጣው 6፣ 8 እና 10 ቁጥር ነው። አብሮት ያለው ቡክሌት የመጀመሪያ ትምህርት ያደረገው ዉሊ በገር የሚባለውን ፀጉራም ዝንብ ነው፤ በ1967 ረስል ብሌሲንግ የተባለ ፔንስልቬንያዊ የሠራውን። መጥፎ ዝንብ አይደለም። በእነዚያ ትልልቅ መንጠቆዎች ላይ ሞርሳውም ቢሆን ደህና ሰው መስሎ ነበር። ቁጥር 20 መንጠቆ ገዝቼ ስመጣ ማንነቱ ታወቀ።

የሚሆነው ይህ ነው። መንጠቆውን አስገብታችሁ ማንሻውን ትጫናላችሁ፤ መንጋጋዎቹ ከኋላ ይገጥማሉ፣ ጫፋቸው ላይ ግን ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ወፍራም መንጠቆ ክፍተቷን ሞልቶ ይቀመጣል። ቀጭኑ ግን ክሩ ሲሳብ ወደ ታች ያጎነብሳል። መንጠቆው ሲያጎነብስ ክሩ ይላላል፤ ክሩ ሲላላ እስከዚያ የተጠመጠመው ሁሉ ይፈታል። ማንሻውን አጥብቃችሁ ብትጫኑ ደግሞ መንጠቆው ይነቀነቃል እንጂ አይጠብቅም፤ በመንጋጋው ላይም ቦይ ይቆፍራል። ከዚያ በኋላ የሚገባው መንጠቆ ሁሉ ያችን ቦይ ተከትሎ ይንሸራተታል።

አዲስ አበባ ሳለሁ እንጀራዬ ብረት ቅርጽ ማውጣት ነበር፤ ሞርሳ ምን እንደሆነ ሻጭ አያስተምረኝም። መንጠቆ የሚሠራው ካርቦን ከበዛበት፣ በእሳት ከጠነከረ ሽቦ ነው። እርሱን የሚነክስ መንጋጋ ከእርሱ የበለጠ መጠንከር አለበት፤ ካልሆነ ተነካሹ ነካሹን ይበላዋል። የእኔው ሞርሳ መንጋጋ ሞረድ ሲነካው እንደ ለስላሳ ብረት ይፋቃል። ሁለቱን ፊቶች በደቃቅ ሞረድ አስተካክዬ አገጣጠምኳቸው፤ ለጥቂት ምሽቶች ያዘ፣ ከዚያ ቦዩ ተመልሶ መጣ። አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ማጋልና መንከር የሚያጠነክረው በቂ ካርቦን ያለበትን ብረት ነው፤ ይህኛው ጠቁሮ ወጣ እንጂ ጠንክሮ አልወጣም። ሣጥኑ ላይ ግን «ጠንካራ የአረብ ብረት መንጋጋ» ተብሎ ታትሟል።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ለጀማሪ ነው፤ ስትለምድ የተሻለ ትገዛለህ» ይላል። ይህች «ለጀማሪ ነው» የምትባለው ነገር ናት ደሜን የምታፈላው። የለመደ ሰው እኮ በመጥፎ ሞርሳም ይሠራል፤ በጣቱ ብቻ መንጠቆ ይዞ ዝንብ የሚያስር ሰው አለ። መንጠቆው ሲንሸራተት የለመደው ሰው «ሞርሳው ነው» ብሎ ያልፋል። ጀማሪው ግን «እጄ ነው» ይላል። ክሩን አብዝቼ ስቤ ይሆን? ሽቦውን አዙሬ አስሬ ይሆን? ጣቴ ወፍሮ ይሆን? እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሣጥኑን አልጋ ሥር ገፍቶ ይተወዋል። ብረት የማያውቅ ጀማሪ ጥፋቱን ከዕቃው ሊለይ አይችልምና የማይዋሽ ሞርሳ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። ሻጩ ይህንን ገልብጦ ነው የሚሸጠው።

«ለዚህ ዋጋ ግን ምን ያህል ዕቃ እንዳገኘህ አትርሳ» ብሎ ይቀጥላል። አልረሳሁም። ሮዝ፣ ብርቱካንማና የሚያበራ አረንጓዴ የተነከረ ላባ በየከረጢቱ ሞልቷል፤ ለሳውዝ ፕላት ዓሣ ሳይሆን ለልደት በዓል ማስዋቢያ የሚሆን። ፍራንክ ሶየር የሚባለው እንግሊዛዊ የኤቨን ወንዝ ጠባቂ በዓለም የታወቀውን የፌዛንት ዝንቡን የሠራው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በፌዛንት ወፍ የጭራ ላባና በቀጭን የመዳብ ሽቦ። ክር እንኳ አልተጠቀመም፤ ሽቦው ያስራል፣ ዝንቡንም አክብዶ ያሰጥማል። የእኛው የኮሎራዶው ሪም ቸንግ በ1970ዎቹ ለዚሁ ለሳውዝ ፕላት የሠራው አርኤስ2 የሚባለው ዝንብም ሁለት የጭራ ዘንግ፣ ትንሽ የተፈተለ ፀጉርና ቁራጭ ክንፍ ብቻ ነው። እኔ አሁን አዘውትሬ የምሠራው ዜብራ ሚጅ ደግሞ አንዲት የብረት ዶቃ፣ ጥቁር ክርና ቀጭን የብር ቀለም ሽቦ ናት፤ ሌላ ምንም የላትም። ለዚህች ዝንብ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ የሸሚዝ ኪስ ይገባል። ሞርሳው እስከያዘ ድረስ!

ስለ ላባ ከተነሣ አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያስደሰተኝ እርሱ ነው። ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ የሚሆነው የአውራ ዶሮ የአንገትና የጀርባ ላባ ነው፤ ዘንጉ ቀጭን፣ ጥርሱ ደረቅና እኩል የሆነ። ለፋሲካ ከታረደው ዶሮ ለቅሜ ሞክሬዋለሁ። የወጥ ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ይጠጣል፤ ለሚሰጥም ዝንብ እንጂ ለሚንሳፈፍ አይሆንም። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ዴልታ በምትባል ከተማ ዊቲንግ ፋርምስ የሚባል ድርጅት ዶሮ የሚያራባው ለሥጋው ወይም ለእንቁላሉ ሳይሆን ለላባው ነው። በ2011 ሴቶች ላባውን ፀጉራቸው ላይ መሰካት ፋሽን ሲያደርጉት የዓሣ ማስገሪያ ሱቆች መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ነበር። በጣም የሚፈለገው ደግሞ ገብስማው ነው። ባለቤቴ ሦስት ገብስማ ዶሮ ቆዳ ከፖስታ ስታወጣ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ገብስማ ዶሮ እያሳደደ የሚፈልግ ሰው አገር ቤት ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። የሣጥኑ ገብስማ ላባ ግን፣ ሳልናገር እንዳልቀር፣ የዊቲንግ ዓይነት አልነበረም። ገሚሱ በቀለም የተቀባ ነው።

በመጨረሻ ሪጋል የሚባል ያገለገለ ሞርሳ ገዛሁ። መንጋጋው በጠንካራ ስፕሪንግ ራሱ ይዘጋል፤ ማንሻውን ስትጨብጡት ይከፈታል፣ ስትለቁት ይነክሳል። ለትልቅና ለትንሽ መንጠቆ ብሎን ማስተካከል የለም። ዋጋው ከሣጥኑ እጥፍ ይበልጣል፤ ቁጥር 22 መንጠቆ አስገብቼ ክሩ እስኪበጠስ ድረስ ሳብኩት፣ መንጠቆው ከቦታው አልተነቃነቀም። በዚያው ምሽት የጠመጠምኳቸው ዜብራዎች ሁሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ። እጄ በአንድ ሌሊት አልተማረም።

እንግዲህ ሣጥኑን ግዙ ወይ? አትግዙ። ዛሬ ለስላሳ ቃል ለመናገር ስሜቴም አይፈቅድም። ገንዘባችሁን ለሞርሳ ስጡ፤ ከዚያ አንድ ጥቁር ቀጭን ክር ባለ 70 ዲንየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው)፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ፓኬት 18 ቁጥር መንጠቆ፣ ለመንጠቆው የሚመጥን ዶቃና ስለታም መቀስ ግዙ። የዝንቡን ራስ ለመቀባት ልዩ ቫርኒሽ እንሽጥላችሁ ቢሏችሁ የባለቤታችሁ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ይበቃል፤ አስፈቅዳችሁ ግን። «ዝንብ በራስህ ብትሠራ ገንዘብ ትቆጥባለህ» የሚለውን ስብከት ደግሞ ከእኔ አትጠብቁ። ሦስት ገብስማ ቆዳ የገዛ ሰው ስለ ቁጠባ አያወራም።

አውሮራ አካባቢ ያላችሁ፣ የሮዝና የብርቱካን ላባውን ለልጆች ሥዕል ሥራ የሚፈልግ ካለ በነፃ እሰጣለሁ። ትልልቆቹን መንጠቆዎችም ይውሰድ። ሞርሳውን ግን ለማንም አልሰጥም፤ ደግሞ ሌላ ጀማሪ እጁን እንዲጠራጠር?