ስለ መጻሕፍት የሚያወሩ ድምፆችን ፍለጋ፦ አንቴናፖድ ለሥነ ጽሑፍ አድማጭ

ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ሙዚቃ በጥልቀት የሚያወራ ፖድካስት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መተግበሪያው ማውጫ ነው፤ እዚያም «ኪነ ጥበብ» የሚለውን ዘርፍ ይነካል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የአፕል ፖድካስትስ አመዳደብ በዚህ አንድ ዘርፍ ሥር መጻሕፍትን፣ ዲዛይንን፣ ፋሽንና ውበትን፣ ምግብን፣ የመድረክ ጥበባትንና የእይታ ጥበባትን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ የምግብ አሠራር የሚያስተምር ዝግጅትና ግጥም የሚያነብ ዝግጅት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሰንጠረዡ የሚለካውም የአድማጭን ብዛት እንጂ የውይይቱን ጥልቀት አይደለም።

እኔ ለረጅም ጊዜ ስጠቀምበት የነበረው ሌላ መተግበሪያ የሚያዳምጠውን ሰው ምርጫ እያጠና አዳዲስ ዝግጅቶችን የሚጠቁም ነበር። አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለ ሥራዋ የተናገረችበትን ቃለ መጠይቅ ባዳመጥኩ ማግሥት ያቀረበልኝ ግን ሌሎች ጸሐፊዎችን ሳይሆን ዝነኞች ስለ ግል ሕይወታቸው የሚጨዋወቱባቸውን ዝግጅቶች ነው። ሁለቱም በቃለ መጠይቅ መልክ የተዘጋጁ ከመሆናቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ይህ ለወራት ከተደጋገመ በኋላ ጥቆማ ከማይሰጥ፣ ነገር ግን የራሴን ፍለጋ ከሚያግዝ መሣሪያ ጋር መሥራት እንደሚሻለኝ ወሰንኩ፤ አንቴናፖድን የጫንኩትም ያኔ ነው።

አንቴናፖድ ለአንድሮይድ ስልኮች የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የፖድካስት ማዳመጫ ነው። ክፍያ አይጠይቅም፣ የራሱን ማስታወቂያ አያሳይም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ የምንጭ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። አዲስ ዝግጅት ለመጨመር ሲፈለግ በአፕል ፖድካስትስ ማውጫ፣ አዳም ከሪና ዴቭ ጆንስ በ2020 በመሠረቱት ፖድካስት ኢንዴክስ በተባለው ክፍት ማውጫ፣ እንዲሁም ፊድ በሚባለው የፍለጋ አገልግሎት በኩል ያፈላልጋል። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የአንድን ዝግጅት የአርኤስኤስ አድራሻ፣ ማለትም አዳዲስ ክፍሎቹ የሚዘረዘሩበትን የድር አድራሻ፣ በቀጥታ ለጥፎ መከታተል መቻሉን ነው። ፖድካስት ከጅምሩ የቆመው በዚህ አሠራር ላይ ነው፦ አዘጋጁ ድምፁን በራሱ አድራሻ ያስቀምጣል፣ አድማጩ በመረጠው መሣሪያ ይቀበለዋል። ጋዜጠኛው ክሪስቶፈር ላይደን በ2003 ቃለ መጠይቆቹን በድረ ገጽ ማሰራጨት ሲጀምር የሶፍትዌር ባለሙያው ዴቭ ዋይነር ያዘጋጀለት መንገድ ይኸው ነበር፤ «ፖድካስቲንግ» የሚለው ስም በጋዜጣ የታየው እንኳን ከዚያ በኋላ በ2004 ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው ልመለስ። እነዚህ ማውጫዎች የሚፈልጉት በአብዛኛው የዝግጅቱን ስምና የአዘጋጁን ስም እንጂ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ማን እንደተናገረ አይደለም። «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ መፈለግ ይህ ቃል በስማቸው ውስጥ ያለባቸውን ዝግጅቶች ያመጣል፤ ምርጦቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስማቸው ውስጥ ይህ ቃል የላቸውም። ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከዝግጅት ሳይሆን ከሰው ነው። ሥራውን የማከብረውን አንድ ጸሐፊ፣ ተርጓሚ ወይም አርታኢ እመርጥና ስሙን ሊስን ኖትስ በተባለው የፖድካስት መፈለጊያ ላይ እጽፋለሁ፤ ይህ መፈለጊያ የክፍሎችን ርዕስና መግለጫ ጭምር ስለሚያነብ ሰውየው በእንግድነት የቀረበባቸውን ዝግጅቶች ያሳየኛል። ተርጓሚዎችን በተለይ እመክራለሁ። ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ባወጣ ቁጥር በየዝግጅቱ እየዞረ ተመሳሳይ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ተርጓሚን የሚጋብዝ አዘጋጅ ግን ስለ ቋንቋው በእርግጥ የሚያስብ መሆኑን በግብዣው ብቻ ያሳያል።

በዚህ መንገድ ካገኘኋቸው መካከል በአንቴናፖድ ዝርዝሬ ውስጥ የቀሩት ብዙ አይደሉም። «ዘ ኒው ዮርከር፦ ፊክሽን» የተባለው ከ2007 ጀምሮ በየወሩ የሚወጣ ሲሆን፣ አሠራሩ ቀላል ሆኖ ለጸሐፊ እንደ ትምህርት ቤት የሚቆጠር ነው። አንድ ጸሐፊ ከኒው ዮርከር መጽሔት ማኅደር የሌላ ደራሲን አጭር ልብ ወለድ ይመርጣል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ከዚያም ከመጽሔቱ የልብ ወለድ አርታኢ ከዴቦራ ትሪዝማን ጋር ይወያያል። ስለ ራሱ ሥራ የሚናገር ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ይጠነቀቃል፤ ስለሚወደው የሌላ ሰው ሥራ ሲናገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እዚያ ቦታ እንደገባ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ለምን ዝም እንዳለ ሳይሰስት ያብራራል። እኔ አጭር ልብ ወለድ እንዴት እንደሚነበብ የተማርኩት ከዚህ ዝግጅት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ሶንግ ኤክስፕሎደር» ሪሺኬሽ ሂርዌይ በ2014 የጀመረው ነው። አንድ ሙዚቀኛ የራሱን ዘፈን ወደ ተቀረጸባቸው ነጠላ ድምፆች ፈታትቶ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ እያሰማ እያንዳንዱ እንዴት እንደተወለደ ይናገራል፤ በመጨረሻ ዘፈኑ በሙሉ ይሰማል። በዚያ ጊዜ ጆሮ የሚሰማው ከቀድሞው የተለየ ነው። ለሥዕል ደግሞ ታማር አቪሻይ ከ2016 ጀምሮ የምታቀርበው «ዘ ሎንሊ ፓሌት» አለ፤ በአንድ ክፍል አንድ የጥበብ ሥራ ብቻ ትይዛለች፣ የሚጀምረውም የሙዚየም ጎብኚዎች ፊት ለፊታቸው ያለውን ሥራ በራሳቸው ቃል ሲገልጹት ነው። ሥዕልን በድምፅ ማቅረብ እንዴት ይቻላል ብዬ እጠራጠር ነበር፤ ጥርጣሬዬን የመለሰልኝ ይህ አጀማመር ነው፣ ምክንያቱም አድማጩ ሥዕሉን ከባለሙያ ማብራሪያ በፊት በተራ ሰው ዓይን ያየዋል።

ሰፊ እውቀት ለሚፈልግ ሰው በቢቢሲ ራዲዮ 4 በ1998 የተጀመረው «ኢን አወር ታይም» አለ። በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ሦስት ምሁራን ይቀርባሉ፣ በዝግጅቱ ገጽ ላይም የንባብ ዝርዝር ይቀመጣል፤ ለእኔ ከውይይቱ ባልተናነሰ የጠቀመኝ ይህ ዝርዝር ነው።

አንቴናፖድ ከሌሎች መተግበሪያዎች ይልቅ የረዳኝ እነዚህን ዝግጅቶች ካከማቸሁ በኋላ ነው። የመተግበሪያው የውስጥ ፍለጋ በምከታተላቸው ዝግጅቶች ሁሉ ውስጥ ያሉትን የክፍሎች ርዕስና መግለጫ ይፈትሻል። አንድ ልብ ወለድ አንብቤ ስጨርስ የደራሲውን ስም እጽፋለሁ፤ ከዓመታት በፊት የተሠራ፣ በጊዜው ሳላየው ያለፍኩት ውይይት ይወጣል። በራሴ የተመረጠ ትንሽ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ሆኖልኛል ማለት እችላለሁ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ አንዳንድ አዘጋጆች በአርኤስኤስ አድራሻቸው የሚያሰራጩት የቅርብ ጊዜዎቹን ክፍሎች ብቻ ስለሆነ የቆዩት በዚህ ፍለጋ አይገኙም። ይህ የመተግበሪያው ጉድለት አይደለም፤ ሆኖም ማኅደሩን ሙሉ አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅን ሰው ያሳዝናል።

ስለ ማዳመጫው ቅንብሮች አንድ ብርቱ ምክር አለኝ። አንቴናፖድ የማጫወቻ ፍጥነትን ለእያንዳንዱ ዝግጅት ለየብቻ ለመወሰንና በንግግር መካከል ያለን ጸጥታ ዘልሎ ለማለፍ ያስችላል። ለዜናና ለረጅም ጨዋታ ይህ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለግጥምና ለልብ ወለድ ንባብ ግን መዘጋት አለበት። ፓድሪግ ኦ ቱማ ከ2020 ጀምሮ የሚያቀርበውን «ፖየትሪ አንባውንድ» እንደ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ግጥም ያነባል፣ ያሰላስልበታል፣ በስተመጨረሻ እንደገና ያነበዋል። በመጀመሪያው ንባብ በስንኞቹ መካከል ያለው ፋታ ባዶ ይመስላል፤ በሁለተኛው ንባብ ግን ማብራሪያው ያ ፋታ ምን እንደያዘ ስላሳየን ዝምታው ራሱ ይናገራል። ጸጥታን የሚቆርጥ ቅንብር በርቶ ከሆነ ይህ ሁሉ ይጠፋል፣ አድማጩም የጠፋበትን አያውቀውም። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅንብሩን ለሁሉም ከፍቼ ስለነበር በዚያ ጊዜ ያዳመጥኳቸውን ክፍሎች በሙሉ እንደገና አዳምጫቸዋለሁ፤ የተለየ ሰው የሚያነብ ይመስል ነበር።

አንቴናፖድ ለሁሉም ሰው አይሆንም። የአይፎን ተጠቃሚ ሌላ መፈለግ አለበት። ጥቆማ እየቀረበለት መምረጥ የሚወድ ሰው የሚያገኘው ከአፕል ማውጫ የሚመጣን አጭር ዝርዝር ብቻ ነው፤ እሱንም መደበቅ ይቻላል፣ እኔም ደብቄዋለሁ። በአንድ ኩባንያ መድረክ ላይ ብቻ የሚሰራጩና የአርኤስኤስ አድራሻ የሌላቸው ዝግጅቶች ከቶ አይገቡበትም፤ ምንም እንኳን ከእነሱ መካከል ጥሩ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ሊኖር ቢችልም፣ እኔ ይህን ጉድለት ለመቀበል ፈቅጃለሁ።

የምፈቅድበትም ምክንያት ዝርዝሩ የእኔ ስለሆነ ነው። ስቲቸር በ2023፣ ጉግል ፖድካስትስ ደግሞ በ2024 ተዘግተዋል፤ ለዓመታት ተፈልጎ የተሰበሰበ ዝርዝር መተግበሪያው ሲዘጋ አብሮ እንዳይጠፋ ማድረግ የአድማጩ ኃላፊነት ነው። አንቴናፖድ የምከታተላቸውን ዝግጅቶች ኦፒኤምኤል በሚባለው፣ ሌሎች መተግበሪያዎች በሚያነቡት የፋይል ዓይነት ያወጣልኛል። እኔ በየጊዜው አንድ ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ እንደኔው መጻሕፍት ለሚወድ ወዳጄም ይህንኑ ፋይል ልኬለት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የእኔን ዝርዝር በሙሉ በስልኩ ላይ አገኘው። እሱም በተራው እኔ ያላወቅኋቸውን ሁለት የተርጓሚዎች ዝግጅቶች ጨምሮ የራሱን ላከልኝ፤ በዚህ ሰሞን የማዳምጠው እነሱን ነው።