«በ15 ቀን 12 ኪሎ» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ኅዳር 15 ሳይገባ እንድታነቡት ነው። የነቢያት ጾም እየመጣ ነው። እኔን በፍልሰታ የማቅጠኛ ሻይና ካፕሱል ሸጠው ያታለሉኝ ሰዎች «የጾም ፓኬጅ» ብለው እንደገና ሰው እየመዘገቡ ነው። ቃላቸው ከበፊቱም ብሷል። በጾሙ 25 ኪሎ ትቀንሳላችሁ ይላሉ። እኔ 6,500 ብር ከፍያለሁ። ብሩ ያንገበግበኛል፤ ጤናዬ ላይ የደረሰው ግን ከብሩም ይብሳል።

ሐምሌ ላይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ግፊቴ 145 በ92 ሆኖ ተገኘ። ኪሎዬ 86 ነበር። ሲስተሯ ጨው እንድቀንስና ክብደቴንም እንዳወርድ መከረችኝ። «በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ። ከዚያ በላይ አትቸኩዪ» አለችኝ። ግማሽ ኪሎ ስትለኝ ተስፋ ቆረጥኩ። በዚህ አያያዝ መቼ ልጨርሰው ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያው ሰሞን ብሎካችን አጠገብ ካለ ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። «ፍልሰታን ይጠቀሙበት! በ15 ቀን 12 ኪሎ! ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ! ካልቀነሱ ገንዘብዎ ይመለሳል!» ይላል።

ገባሁ። ሚዛን ላይ ያወጡኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ምሳዬን በልቻለሁ። ሹራብ ለብሼ ጃኬት ደርቤያለሁ። የሰፈራችንን የክረምት ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ እግሬ ላይ ቦት ጫማ አለ። ላውልቀው ስል ሻጯ «አያስፈልግም የኔ እናት፣ ዝም ብለሽ ውጪ» አለችኝ። ሚዛኑ 88 ተኩል አለ። መዝገብ ላይ ጽፋ አስፈረመችኝ።

በስምንተኛው ቀን ግን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በባዶ ሆዴ እንድመጣ ነገረችኝ። ያን ቀን ጫማውንም ጃኬቱንም ሹራቡንም አስወለቀችኝ። 83 አለ። «ይኸው! በአንድ ሳምንት 5 ኪሎ ተኩል!» ብላ አጨበጨበች። ፎቶ አነሳችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ለሁለት ጎረቤቶቼ ነገርኩ። አንደኛዋ በዚያው ቀን ከፈለች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

የገባኝ በኋላ ነው። ቦቱን፣ ጃኬቱንና ሹራቡን አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ታች አትክልት የምትሸጠው ልጅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 2 ኪሎ ከ400 ግራም። ቀነስኩ ካልኩት ግማሽ የሚጠጋው ልብሴና ጫማዬ ነበር ማለት ነው። የቀረው ደግሞ ምሳዬና ውሃ ነው።

ውሃ ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። ፓኬጁ ማታ ማታ የሚጠጣ ሻይና ጠዋት የሚዋጥ ካፕሱል ነው። ሻይውን «መርዝ ማጽጃ» ይሉታል። በጠጣሁ በማግስቱ ሽንት ቤት መመላለስ ነው ሥራዬ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አንድ የማውቀው ፋርማሲስት ከረጢቱን ቀዶ ቅጠሉን መዳፉ ላይ ዘረገፈው። አየት፣ አሸተት አደረገና «ይሄ እኮ ሰነመኪ ነው» አለኝ። ሰነመኪ ለሆድ ድርቀት ለጥቂት ቀን ይወሰዳል። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበላነው ምግብ ጉልበት ደግሞ ከዚያ በፊት ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ የሚወጣው ስብ ሳይሆን ውሃና እንደ ፖታሲየም ያለ ማዕድን ነው። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። እናቶቻችን ለኮሶ ትል ኮሶ ጠጥተው ሲያስቀምጣቸው ይውሉ ነበር። አንዳቸውም ግን ከሳሁ ብለው አላወሩም።

የካፕሱሉ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። በአራተኛው ቀን ልቤ ትር ትር ማለት ጀመረ። አፌ ይደርቃል፣ እንቅልፍ የለም። በዘጠነኛው ቀን ዘንቢል ይዤ ደረጃ ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዞረብኝና ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ግፊት ያለብኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ነው ያቆምኩት። እቃውን ሳገላብጠው ከምን እንደተሠራ የሚል አንድ መስመር የለበትም። የአምራች ስም የለም፤ የሚያበቃበት ቀን በእስኪርቢቶ ነው የተጻፈው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ወረቀት ከሥሩ ሌላ ወረቀት ላይ ተለጥፏል። ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት ነበር። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጣ። ከዚያም በኋላ ግን በተለያዩ አገሮች «ተፈጥሯዊ» በሚባሉ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በምርመራ ተገኝቷል። ይዘቱ ያልተጻፈ ካፕሱል መዋጥ ማለት እንዲህ ላለ ነገር ራስን መስጠት ነው።

አሁን እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 12 ኪሎ ስብ 92,400 ነው። ለ15 ቀን ስናካፍለው በቀን 6,160 ካሎሪ ይመጣል። እንደ እኔ ያለች ሴት በቀን የምታቃጥለው 2,000 አካባቢ ነው። እህል የሚባል ሳልቀምስ 15 ቀን ብቆይ እንኳን የሚቀንሰው ስብ 4 ኪሎ አይሞላም። 12 ኪሎ ከየት ይመጣል? ይህን ስሌት ከመክፈሌ በፊት በስልኬ ብሠራው ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ የሚወርድ ኪሎ አለ፤ እሱ እውነት ነው። ሰውነት ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ስኳር ሲጠቀም፣ ከአንድ ግራሙ ጋር ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይወጣል። መብላት ስንጀምር ተመልሶ ይሞላል። እኔም ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስመዘን 85 ተኩል ሆኜ አገኘሁት። እየተራቡ በግድ መቀነስ ደግሞ ጡንቻን ይበላል፣ የሐሞት ጠጠርም ያመጣል። በፍጥነት መቀነስ የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች አሉ፤ እነሱ ግን በሐኪም ክትትል ሥር ናቸው እንጂ ሱቅ በር ላይ አይደሉም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱና የምታጠቡ እናቶች በተለይ ጤና ባለሙያ ሳታማክሩ ምንም እንዳትጀምሩ።

ገንዘቤን ልጠይቅ ሄድኩ። «15ቱን ቀን ስላልጨረስሽ ዋስትናው አይሠራም» ተባልኩ። የጨረሰችው ጎረቤቴ ስትጠይቅ ደግሞ «ጾሙን በደንብ አልያዝሽም፣ ዘይት በልተሻል» አሏት። የዋስትናው ወረቀት ጀርባ በደቃቅ ፊደል «እንደ ሰውነቱ ሁኔታ ይለያያል» ይላል። ደረሰኝ የለኝም፤ ክፍያው በቴሌብር በግለሰብ ስም ነው የገባው። በ813/2006 የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ መሠረት ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት አለበት፤ ሐሰተኛ ማስታወቂያም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፤ የቴሌብር መልእክቱንም አታጥፉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። እኔ ደውዬ አመልክቻለሁ።

አሁን በሲስተሯ ምክር ነው የምሄደው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፤ ለአንዱ ሦስት ማንኪያ የነበረውን ስኳር ወደ አንድ አውርጃለሁ። ዘይት ከጠርሙሱ አላንቆረቁርም፤ በሾርባ ማንኪያ ነው የምለካው። አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አላት። የጾም ነው ብዬ የማልቆጥረው ሳምቡሳና ፓስቲ ነበር፤ እሱን ትቻለሁ። ታክሲ ተራ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። በስምንት ሳምንት 4 ኪሎ ቀንሻለሁ። ከክብደቴ አምስት በመቶ የሚጠጋ ነው፤ ለግፊት ለውጥ የሚያመጣው ከዚህ ጀምሮ ነው ብላኛለች። ባለፈው ሳምንት 132 በ84 ተለካሁ።

የሻዩን ካርቶንና የካፕሱሉን ዕቃ አልጣልኩም። ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከመክፈላችሁ በፊት መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት።