ቮልስ ወይስ ዲኤክስ? ጅማ ላይ አሮጌ መኪና ስትገዙ ከኋላ ጀምሩ

ሰው አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ቀለሙን ያያል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል። ከስር ገብቶ የኋላውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔ ስምንት ዓመት ቮልስ ነድቻለሁ፤ አሁን ዲኤክስ አለኝ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ከሁለቱም ጋር ስኖር ገንዘቤን የበላው ሞተር ሳይሆን ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ስብስብ፣ እና በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፦ አንድ ዳዶ፣ አንድ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ)፣ አንድ ፓራዮሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት)። ጅማ ውስጥ ከሁለቱ አንዱን ልትገዙ ካሰባችሁ ንጽጽሩን ከዚያው ልጀምርላችሁ።

ሁለቱም የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይመሳሰሉም። በቮልስ ሞተሩም ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ከኋላ ናቸው። ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ግራና ቀኝ ወደ ጎማዎቹ የሚወጡት ዘንጎች፣ ሰሚያሶች የሚባሉት፣ የሚታጠፉት በውስጠኛው ጫፋቸው ብቻ ስለሆነ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል አብሮ ያዘነብላል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለአሜሪካ የተሠሩት፣ እንዲሁም 1302 እና 1303 የሚባሉት፣ በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ ሰሚያስ አላቸው፤ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ዲኤክስ፣ ማለትም በ1979 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ፣ ሞተሩ ከፊት ነው። ዲፈረንሻሉ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያያይዝ ወጥ የብረት ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የቤት መኪናው በሞላ (በተጠቀለለ ስፕሪንግ)፣ ረጅሙ ስቴሽን ደግሞ በባሊስትራ (በተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) ላይ ነው የቆመው።

የቮልስ ትልቁ ድክመት ከዚሁ ከሚያዘነብለው ጎማ ይመጣል። ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብታችሁ ድንገት ነዳጅ ብትለቁ ወይም ፍሬን ብትይዙ የመኪናው ኋላ ከፍ ይልና የውጪው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ወደ ግቤ በረሃ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ነገሩን የሚያብሰው መንገዳችን ድንጋያማ ነው ብለው የኋላውን ከፍ የሚያደርጉ ባለቤቶች መኖራቸው ነው። ከፍ የተደረገ ቮልስ ባዶውን ሲቆም የኋላ ጎማዎቹ ከስር ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብለው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ወደ ቦታው ካልመለሳችሁት ቤተሰብ አትጫኑበት። የኋላ ጎማዎቹ ንፋስም ከፊቶቹ ከፍ ማለት አለበት፤ አራቱን እኩል የሚነፋ ጎሚስታ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ዳዶ ነው፤ እኔ በጣም የተጎዳሁበት ይህ ነው። የቮልስ የኋላ ታምቡር (ጎማው የሚታሰርበት የፍሬን ከበሮ) በሰሚያሱ ጥርሶች ላይ ተሰክቶ የሚያዘው በአንድ ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ነው። ጥብቀቱ 300 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ አንድ ሜትር ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክታችሁ ጫፉን በ30 ኪሎ ክብደት እንደ መጫን ማለት ነው። ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካው ሽቦ፣ የኮፒሊያው፣ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ይጠበቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። የእኔን አንድ ጋራዥ ፓራዮሊዮ ሊቀይር ፈትቶ በአጭር መፍቻ መለሰው። ከሁለት ወር በኋላ አጋሮ መንገድ ላይ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። የታምቡሩ ጥርስ ተላልጦ ኖሯል፤ የሰሚያሱም እንዲሁ። አንድ ዳዶ በአግባቡ ባለመጥበቁ ሁለት ውድ ዕቃ ጠፋ።

በዚሁ በኩል ሰሚያሱ ከካምቢዮው የሚወጣበትን ቦታ የሚሸፍኑትን ላስቲኮችም እዩ። የካምቢዮው ዘይት በሰሚያሱ ቱቦ ውስጥ እስከ ጎማው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት የኳስ ቀለበት) ድረስ ስለሚሄድ ሽፋኑ ከተቀደደ ዘይቱ ይወጣል፣ የእኛም ጭቃ ይገባል። ተከፍቶ የሚገጠመው ዓይነት ሽፋን ስፌቱ ወደ ኋላ፣ አግድም መሆን አለበት፤ ማሰሪያውም የሚጠብቀው መኪናው መሬት ላይ እንደ ቆመ ነው። ቱቦው ካምቢዮውን የሚነካበት ቦታ ያለው የወረቀት ጓርኒሲዮን ደግሞ ልክ አለው፦ ቱቦው እንዲንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ቢበዛ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ጓርኒሲዮኑ ከካርቶን በመቀስ የተቆረጠ ከሆነ ያንን ልክ የሚጠብቅላችሁ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ርካሽ ካምቢዮ ተገኘ ተብሎ ከአሮጌ ኮምቢ (የቮልስዋገን ሚኒባስ) የወጣ ቢቀርብላችሁ አትቸኩሉ። እስከ 1967 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ኮምቢዎች ጎማቸው ላይ ተጨማሪ ጥርስ ስለነበራቸው የዲፈረንሻሉ ትልቅ ጥርስ የተገጠመው በተቃራኒው ጎን ነው። እንዳለ ቮልስ ላይ ብትገጥሙት አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው መኪና ይሆንላችኋል።

ወደ ዲኤክስ ስንመጣ አሠራሩ ጠንካራ ነው። ሰሚያሶቹ ከተሳቡ በኋላ ዲፈረንሻሉ በፊት በኩል እንዳለ ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ዕድሜው ሳይሆን የነካው እጅ ነው። ከፊት ፒኞኑ (ትልቁን ጥርስ የሚያሽከረክረው ትንሹ ጥርስ) ላይ ዘይት ማንጠብጠብ ሲጀምር ፓራዮሊዮው ይቀየርና ዳዶው ባለ በሌለ ጉልበት ይጠበቃል። ችግሩ በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ሲጠብቅ እየተጨማደደ ልኩን የሚይዝ ስስ የብረት ቱቦ መኖሩ ነው። አንዴ ከተጨማደደ አይመለስም። ከልኩ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይግላል፣ ከዚያ ያፏጫል። ትክክለኛው መንገድ ከመፍታት በፊት ዳዶውን ምልክት አድርጎ ወደዚያው መመለስ፣ ወይም አዲስ ቱቦ አስገብቶ በመለኪያ መግጠም ነው። ትልቁና ትንሹ ጥርስም ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው ድምፅ ገዝቷል።

ሁለተኛው የዲኤክስ ድክመት የጅማ ዝናብ ያመጣው ነው። የዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለ። ጭቃ ሲደፍነው፣ የጋለው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራዮሊዮው በኩል ወደ ፍሬኑ ይገፋል። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የዘይት መሙያውን ቡሎን አስፈትታችሁ ጣት አስገቡ። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ዋጋ ቀንሱ ወይም ትታችሁ ሂዱ።

ጭቃ ላይ የትኛው ይሻላል ከተባለ ያለ ጥርጥር ቮልስ። የሞተሩ ክብደት የሚገፉት ጎማዎች ላይ ስላለ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቡና ማሳ በሚገባው ቀይ አፈር ላይ ይወጣል። ባዶ ዲኤክስ እዚያው አንዱን ጎማ እያሽከረከረ ይቀራል። የእጅ ፍሬኑን በትንሹ ሳብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነዳጅ ብትሰጡ ጉልበቱ ለቆመውም ጎማ ይደርሳል፤ እኔን ብዙ ጊዜ አውጥቶኛል።

ዘይታቸውን አታደበላልቁ። ዲኤክስ ጂኤል 5 የተባለውን 90 ዘይት ይፈልጋል። ቮልስ ግን ካምቢዮውም በዚያው ዘይት ስለሚሠራ ጂኤል 4 ይሻለዋል፤ የጂኤል 5 ኬሚካል የማርሽ ማስማሚያዎቹን ናስ ሊጎዳ ይችላል።

ላዳን ለሚጠይቁኝ፦ የኋላው አሠራር ለዲኤክስ ይቀርባል። ግን የኋላውን አክስ የሚይዙት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ያለው ላስቲክ ሲያልቅ የሚያሰሙት ኳኳታ በዲፈረንሻሉ ላይ ይላከካል፤ መጀመሪያ እነሱን አስቀይሩ።

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነው። ሰውና ዕቃ ጭናችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ ዲኤክስ ግዙ። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ በከተማውና በገጠሩ የምትዞሩ፣ እጃችሁም መፍቻ የለመደ ከሆነ ቮልስ ያስደስታችኋል። የትኛውንም ስትሞክሩ ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ግርግር ውስጥ አይሁን፤ ጆሮ አይሰማም። ከከተማ ወጣ በሉ፣ መስኮት ክፈቱ። ነዳጅ ስትሰጡ የሚመጣ ፉጨት የጥርስ ነው። ስትለቁ የሚመጣ ብዙ ጊዜ የፒኞን ኩሽኔታ ነው። ነዳጅ ሰጣችሁ አልሰጣችሁ የማይለወጥ ጉርምርምታ ግን ከጎማው ኩሽኔታ ስለሚመጣ ቀላሉ እሱ ነው። ስትመለሱ ክሪክ አስገብታችሁ የኋላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ሻጩ ይህን ከከለከላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።