ኔክስትዶር፦ ለሶፋ ጥሩ ነው፣ ስለ ሌባ ግን አትመኑት

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሰፈር ለገባ ሰው «ኔክስትዶርን ጫን» የሚለው ምክር አይቀርም። የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች የሚገናኙበት ነፃ አፕ ነው፤ ሲመዘገቡ አድራሻ ያረጋግጣል። ያገለገለ ሶፋ፣ ቧንቧ ሠሪ፣ ሞግዚት፣ የጠፋ ድመት ለመፈለግ በጣም ይጠቅማል። በተለይ ሰፈሩን ገና ላልለመደ ሰው።

የሚያበሳጨው ስለ ወንጀል የሚጻፈው ነው። «አጠራጣሪ ሰው አየሁ» ይላል አንዱ። ምን አደረገ? በእግሩ አለፈ፣ መኪና ውስጥ ተቀመጠ፣ በር አንኳኳ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ተደራጅተው ኩባንያውን የሞገቱት ለዚህ ነው፤ ጥቁር መሆን ብቻውን ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይለጠፍ ነበርና። በ2016 አፑ ላይ ስለ ወንጀል የሚጻፍበት ፎርም ተቀየረ፤ የሰውየውን ዘር የጠቀሰ ሰው እንደ ልብስ፣ ጫማና ፀጉር ያሉ ሌሎች መለያዎችንም እንዲጽፍ ተደረገ። ኩባንያው ራሱ እንዳለው በዘር ላይ ያነጣጠሩ ፖስቶች በ75 በመቶ ቀነሱ። በ2020 ደግሞ ፖስትን በቀጥታ ለፖሊስ የሚልከውን አገልግሎት አነሳ። ጥሩ አድርጓል፣ ሊመሰገን ይገባል።

ግን ፍርሃቱ ከፎርሙ በፊትም ነበር። ሊንከን ኩዊሊያንና ዴቫ ፔጀር የተባሉ ሶሲዮሎጂስቶች በ2001 ባወጡት ጥናት ቺካጎን፣ ሲያትልንና ባልቲሞርን አይተው፣ ወጣት ጥቁር ወንዶች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ሰዎች ወንጀል በዝቷል ብለው እንደሚያስቡ አሳይተዋል፣ ያውም የተመዘገበው የወንጀል መጠን ግምት ውስጥ ገብቶ። እስቲ አስቡት፤ ሰው ስርቆቱን ሳይሆን አላፊ አግዳሚውን እያየ ነው የሚፈራው። አፑ ደግሞ ያንን ፍርሃት ለሰፈሩ ሁሉ ያዳርሳል፣ ያነበበው ይደነግጣል፣ ቀጥሎ የሚያልፈው ልጅ ይጠረጠራል። አገሪቱ ውስጥ የኃይል ወንጀል ከ1993 ወዲህ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ሲጠይቅ ግን አብዛኛው ሰው በየዓመቱ ማለት ይቻላል «ጨምሯል» ይላል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ በሁለቱም በኩል አለንበት። ዋሽንግተን ዲሲና አጠገቧ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ልጃችን ምግብ ያደርሳል፣ ኡበር ይነዳል፤ የቤት ቁጥር እየፈለገ ቀስ ብሎ የሚነዳው «አጠራጣሪ» ጥቁር ወጣት እሱ ሊሆን ይችላል እኮ። እዚያው ቤታችን ውስጥ ግን ያንኑ ፖስት አንብበን «የዚህ አገር ጥቁሮች» እያልን ልጆቻችንን እናስፈራራለን። ይሄ በጣም ያመኛል፣ ልጆቹ ውጭ ሲወጡ በዚያው ዓይን ነው የሚታዩት።

ለዕቃና ለሰፈር ጉዳይ ከ5 ነጥብ 4 እሰጠዋለሁ፣ ለደኅንነት መረጃ 1። ስለ ሰፈራችሁ ወንጀል ማወቅ ከፈለጋችሁ የፖሊስን መረጃ እዩ፤ የዲሲ ፖሊስ ለምሳሌ የተመዘገበውን በካርታ በነፃ ያወጣል። ለወላጆቻችሁ አፑን ከጫናችሁላቸው ደግሞ የወንጀሉን ኖቲፊኬሽን አጥፉላቸው።