ስካነሯን ከገዛሁ 8 ወር፦ ጠዋት አልነሳም የምትል መኪና ይዤ ያየሁት

ይቺን የመኪና ኮምፒውተር የምታነብ የእጅ ስካነር መርካቶ ከገዛኋት 8 ወር ሞላኝ። በገዛሁ በሳምንቱ ጽፌ ቢሆን «ዝም ብላችሁ ግዙ» ነበር የምለው፣ በሶስተኛው ወር ብጽፍ ደግሞ ስድብ ብቻ ነበር የሚወጣኝ፣ እንኳንም ቆየሁ። ማርካዋን አልጠራም፣ ሱቁ ውስጥ የተደረደሩት ስማቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው አንድ ነው የሚመስለኝ።

መኪናዬ ባለ 6 ሲሊንደር ኮመን ሬል ናት (ናፍጣው ሬል በሚባል አንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባት)፣ ተሳቢ እየጎተተች ከጅቡቲ በጋላፊ፣ ሚሌ፣ ኮምቦልቻ አድርጋ ጣርማበርን ወጥታ አዲስ አበባ ትገባለች። ደብረ ብርሃን ካደርን ጠዋት ላይ ጉድ ነው፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እያቃሰተ ይዞራል እሷ ግን ወይ ፍንክች። ባትሪ ነው ተባልኩ፣ ሁለቱንም ቀየርኩ፣ ያው ናት።

ስካነሯ መጀመሪያ የጠቀመችኝ እዚህ ላይ ነው። ላይቭ ዳታ (ቁጥሩን እዛው በቀጥታ የምታሳይበትን) ከፍቼ ረዳቴ ሲያዞር ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት 16.8 ይላል፣ ቴስተር ወስጄ ባትሪው ራስ ላይ ስለካ ደግሞ 21.3። አራት ቮልት ተኩል መንገድ ላይ እየጠፋ ነው ማለት ነው። የኔጌቲቩን ካቦ ተከትዬ ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ስፈታው ከስሩ ዝገትና ቀለም፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ መልሼ አሰርኩት፣ በደቂቃ 110 ዙር ላይ ይንፏቀቅ የነበረው ሞተር 180 ገባ። ለካ ባትሪ የቀየርኩት በከንቱ ነው።

ከዛ ሁለት ወር ሰላም። ከዛ እንደገና ጀመራት፣ አሁን ግን ሞተሪኖው ጎበዝ ሆኖ ይዞራል፣ ጭስ የለም፣ አስራ ምናምን ሰከንድ ቆይታ ድንገት ትነሳለች። ጭስ አለመኖሩን ያዙልኝ፣ ነጭ ጭስ ቢኖር ናፍጣ እየገባ አልነደደም ማለት ነው፣ ምንም ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ አልደረሰም። ስካነሯ ኤስፒኤን 157 (የችግሩ ቦታ ቁጥር)፣ ኤፍኤምአይ 18 (የችግሩ ዓይነት) የሚል ኮድ አወጣች፣ የሬል ግፊት ዝቅ ብሏል ማለት ነው። አንድ ጋራዥ ኮዱን አይቶ «ሃይ ፕሬሸር ፖምፓው ሞቷል» አለኝ (ዋጋውን አትጠይቁኝ)፣ ሌላው የግፊት ሴንሰሩ ነው ብሎ አስቀየረኝ፣ ምንም ለውጥ የለም። ስካነሯን የሰደብኳት ያኔ ነው። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም፣ ኮድ «እዚህ ጋ ግፊት የለም» ይላል እንጂ ለምን እንደሌለ አይናገርም። ሴንሰሩንም ሳልቀይር ማወቅ እችል ነበር፣ መኪናዋ አድራ ቁልፍ ብቻ ከፍተህ ንባቡ ዜሮ አካባቢ ከሆነ፣ ስታዞር ደግሞ ቀስ እያለ ከወጣ፣ ሴንሰሩ ምን አጠፋ?

ያዳነኝ ኮምቦልቻ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ስክሪኑን አየት አድርጎ፣ ግፊቱ 20፣ 45፣ 90 እያለ እየተጎተተ 250 ባር ሲያልፍ ልትነሳ መሆኑን ካየ በኋላ «ልጄ ማታ ስታቆማት አፍንጫዋ ወዴት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሽቅብ የቆመች ቀን ይብሳል፣ ቁልቁል ከቆመች እጅ በእጅ ትነሳለች! ናፍጣው ሌሊት ወደ ታንክ እየተመለሰ ነዋ። በእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ገፋ ገፋ አድርጎ «አስነሳ» አለኝ፣ አንድ ዙር አልፈጀባትም።

ከዛ ከፊልትሮው በኋላ ያለችውን ቱቦ ፈትቶ በምትኳ ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ የላስቲክ ቱቦ በፋሸታ አሰረባት። ሞተሩ ሲነሳ አየነው፣ ናፍጣው መሃል አረፋ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ይሄዳል። ምንጩ የውሃ መለያው ፊልትሮ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) ነበር፣ ሲቀየር ተጣሞ ገብቶ አንድ ጎኑ ተልጧል። ውጪ አንዲት ጠብታ የለም፣ ሁላችንም የተሸወድነው በዚህ ነው፣ የመምጠጫው መስመር አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ አያወጣም። የኦሪንጉ ዋጋ የሻይ ነው።

ለኮመን ሬል መኪና ስካነሯ ዋጋዋን አውጥታልኛለች፣ ያወጣችው ግን በኮዱ ሳይሆን ስታዞር በምታሳየው ቁጥር፣ ዙር፣ ቮልት፣ የሬል ግፊት፣ ሶስቱ ይበቁኛል። የድሮ መካኒካል ፖምፓ ላላት መኪና ግን አትግዙ፣ የምታነበው ኮምፒውተር የለም። ሚሌ ላይ ፀሐይ ሲመታት ስክሪኗ አይታይም፣ ካቢና ውስጥ በጋቢ ተከናንቤ ነው የማያት። አፕዴቱ ዓመት ሲሞላ ክፍያ ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ አዲስ አመል አምጥታለች፣ ብርድ ላይ ደህና ነች፣ አፋር ገብታ ሞቃ ከጠፋች በኋላ ታስቸግራለች። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ወደ ታንክ በሚመለሰው ቱቦ በኩል እያፈሰሰ ግፊቱን እያሳጣት ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። የትኛው እንደሆነ ስካነሯ አልነገረችኝም፣ ቅዳሜ በየኖዝሉ መመለሻ ላይ ስድስት የሃይላንድ ጠርሙስ አስሬ የቱ ቀድሞ እንደሚሞላ አያለሁ።